ለአባቴ ስድስት ጎራሽ የተሠራ የቀንድ እጀታ
ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ቀንድና ቆዳ የሚሠራ አንድ ወጣት አለ። ዋንጫ፣ ማንኪያና የጭራ እጀታ ይሠራል፤ በሩ ላይ ማስታወቂያ የለውም፣ የሚታወቀው በደጃፉ በተከመረው ቀንድ ነው። እኔ ያዘዝሁት ከአባቴ ለወረስሁት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አዲስ እጀታና የቆዳ ማኅደር ነበር። እጀታው ግሩም ነው። ማኅደሩ ግን ለግድግዳ ካልሆነ ለሽጉጥ አይበጅም፤ ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

ስለ ሽጉጡ ጥቂት ካልተናገርሁ የሥራው ጣጣ አይገባም። ምላጩን ብቻ ቢስቡት አይተኩስም። ለእያንዳንዱ ጥይት መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ መሳብ ግድ ነው፤ ያን ጊዜ ተሽከርካሪው የጥይት ቤት አንድ እርምጃ ይዞርና ቀጣዩን ጥይት ከበርሜሉ ትይዩ ያመጣዋል። ከዚህ ዓይነት ዝነኛው የአሜሪካ ጦር በ1873 እ.ኤ.አ. የተቀበለው ኮልት ነው። የእኔው ቤልጅየማዊ ነው። የጥይት ቤቱ ላይ የሊዬዥ ከተማ የፍተሻ ማኅተም አለበት፣ በሞላላ ክብ ውስጥ የተቀረጹ ፊደላት፤ ከላዩ ዘውድ ስለሌለው ከ1893 እ.ኤ.አ. በፊት የተፈተሸ መሆኑ ይታወቃል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ «ኮልት ነው» እያለ ኖረ፤ እኔም በሕይወት ሳለ አልተከራከርሁትም።

በእኛ አገር የጦር መሣሪያ ፍቅር የቆየ ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ አንኮበር ሲመጡ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካቀረቡት ገጸ በረከት መካከል ጠመንጃና መድፍ ይገኝበት ነበር። የቤተሰባችን ወንዶች ፍቅራቸውን የሚገልጹት ሠርግ ላይ በመተኮስ ነው፤ እኔ ደግሞ በመወልወል። ጥይት የለኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈልግም። የዚያ ዘመን ብረት የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነውና የዛሬን ባሩድ ኃይል አይችልም።

መሣሪያው በስሜ የተመዘገበ ቢሆንም ይዤው ከተማ ለከተማ መዞር አልወደድሁም። እጀታው በአንድ ብሎን የተያያዙ ሁለት ገበታዎች ስለሆነ ፈታሁትና አሮጌዎቹን ገበታዎች ብቻ ይዤ ሄድሁ። የብረቱን ቅርጽ ደግሞ ቤት ውስጥ በለሰለሰ ሰም ላይ ተጭኜ አተምሁት። ወጣቱ ሰሙን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «እትዬ፣ ይህ የባለቤትዎ ነው?» አለኝ። የእኔ ነው አልሁት። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ እንጂ ስለ ባለቤት አልተነጋገርንም።

አሠራሩን ቆሜ አይቻለሁ። የትልቅ በሬ ቀንድ ይመርጣል፤ ከግንዱ በኩል ቀንዱ ክፍት ስለሆነ ስስ ነው፣ ወደ ጫፉ ሲጠጋ ይወፍራል፣ እሱም የሚቆርጠው ከወፍራሙ ነው። ቁራጩን በፈላ ውኃ ያለሰልሰውና በሁለት ጣውላ መካከል አጥብቆ ያስረዋል፤ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ አይፈታውም፣ ቢፈታው ወደ ቀድሞ ጥምዝነቱ ይመለሳላ። ከዚያ ሞረድ፣ ከሞረድ በኋላ የብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻም አመድና ጨርቅ። ብሎኑ የሚያርፍበትን ቀለበት ከአሮጌ ጓጉንቸር ናስ ቆርጦ አወጣው። ይህን እኔ አላዘዝሁትም፤ ቀንዱ ብሎን ሲጠብቅበት እንዳይሰነጠቅ ከራሱ ያሰበው ነው። ለዚህ ቀለበት ብቻ ብዬ ሌላ ሥራ እሰጠዋለሁ።

ቤት ወስጄ ሳስረው ግራው ልክ ገጠመ። ቀኙ ከታች፣ ከተረከዙ ላይ፣ ከብረቱ ትንሽ አልፎ ወጥቶ ነበርና መልሼ ወሰድሁት፤ ያለ ክርክር፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሞርዶ አስተካከለው። ከሰም ላይ ተለክቶ ለተሠራ ነገር ይህ እንከን አይባልም። መልኩ ጥቁር ሆኖ ወደ ጫፉ የማር ቀለም ያለው ጅማት ይታይበታል። ቀንድ እንደሆነ ግን አትርሱ፤ በክረምት ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል፣ የበጋው ደረቅ ብርድ ሲመጣ ፀጉር የምታሳልፍ ክፍተት ይከፍታል። ብልም ይበላዋል። ጣጣ የማይወድ ወይራ ያሠራ፤ ጠንካራ ነው፣ ቢጫው ላይ የሚሄደው ጥቁር ሐረግም ያምራል።

እዚያው ሰፈር ያለ ብረት ሠራተኛ ሽጉጡን ኒኬል ቀብቶ «እንደ አዲስ» ሊያደርግልኝ ጠይቆኝ ነበር። ለመቀባት መጀመሪያ መፋቅ አለበት፤ ሲፋቅ የሊዬዡ ማኅተም ይጠፋል። ማኅተሙ ከጠፋ የአባቴ ኮልት እውነትም ኮልት ሊሆን ነው። አልፈቀድሁም።

አሁን ወደ ማኅደሩ። ስፌቱ ጥሩ ነው፣ ክሩ በሰም የታሸ ድርብ ክር ነው፣ ማሰሪያውም መዶሻውን በትክክል ያቅፋል። ችግሩ የባለሙያው ሳይሆን የቆዳው ነው። ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ በውስጡ የቀረው የማልፊያ ንጥረ ነገርም ብረትን ያዝገዋል፤ ሽጉጥ በማኅደር ውስጥ ለወራት ያስቀመጠ ሰው ሲያወጣው ቡናማ ነጠብጣብ ያገኛል። ወጣቱ ይህን ለገዢ አይነግርም፤ ቢነግር ይሻለው ነበር። «ኑግ ቀቢው» ማለቱንም አልወደድሁለትም። የኑግ ዘይት ለወይራ እጀታ ያምራል፤ ብረት ላይ ግን ውሎ አድሮ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል። እኔ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በስሱ እቀባና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ። ማኅደሩ ባዶውን ተሰቅሏል።

ለእጀታው 2,800 ብር፣ ለማኅደሩ 3,500 ብር ከፍያለሁ። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፣ ሁለተኛው ውድ። ማዘዝ የምትፈልጉ ከፋሲካ ወይም ከመስቀል በኋላ ሂዱ፤ የእርድ ሰሞን ካለፈ በኋላ ቀንዱ ስለሚበዛ ወፍራሙን አስመርጣችሁ ማስቆረጥ ትችላላችሁ። ቀጠሮ ከሰጣችሁም ከዚያ ላይ ጥቂት ቀን ጨምሩበት።