ከመሪው ሥር የምትሰካው ትንሽ የኮድ ማንበቢያ

የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አንብባ በብሉቱዝ ወደ ስልክ የምትልከውን ትንሽ የኮድ ማንበቢያ ከገዛሁ ወዲህ፣ የቼክ ኢንጂን (የሞተር ብልሽት ማስጠንቀቂያ) መብራት ሲበራ አልደነግጥም። መኪና ያለው ሁሉ ቢገዛት ደስ ይለኛል። ብዙው ሰው ግን የሚገዛት የሚቀየረውን ዕቃ ትነግረኛለች ብሎ ነው፤ እርሷ ደግሞ ሕመሙ ያለበትን አካባቢ ብቻ ነው የምትጠቁመው።

አጠቃቀሟ ቀላል ነው። ከመሪው በታች፣ ከፔዳሎቹ በላይ ባለው ባለ 16 እግር ሶኬት ላይ ትሰካለች። ሶኬቱ በአሜሪካ ከ1996፣ በአውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ በተሠሩ አብዛኞቹ መኪኖች ላይ ይገኛል።

የእኔ መኪና ያወጣችው ኮድ ፒ0171 ነበር፤ ሞተሩ ከሚስበው አየር አንጻር ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው። ያሳየሁት መካኒክ ኮዱን እንዳየ፣ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰር ይቀየር አለ። እንዲህ ያለው ችኮላ በጣም ያናድደኛል። ሴንሰሩ ያየውን የተናገረ ምስክር ነው፤ ምስክር ስለተቀየረ ጥፋቱ አይስተካከልም። ስለዚህ በስልኬ ላይ የነዳጅ ማስተካከያውን ቁጥር ከፈትሁ። ኮምፒውተሩ ከተለመደው መጠን ላይ ስንት በመቶ ነዳጅ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ በጤነኛ ሞተር ከዜሮ ብዙም አይርቅም፣ ከ10 ሲያልፍ ያሳስባል። በሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይረገጥ፣ 19 በመቶ ጭማሪ ይላል። ጋዙን ረግጬ ሞተሩን በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ስይዘው ወደ 4 ወረደ።

ነገሩ ያለው እዚህ ልዩነት ላይ ነው። የነዳጅ ፓምፑ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ብዙ ነዳጅ በሚፈለግበት ጊዜ ይብስበት ነበር። በሚኒሞ ብሶ ዙር ሲጨምር የሚሻለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይለካ ሾልኮ የሚገባ አየር ሲኖር ነው፤ ሞተሩ ጥቂት አየር በሚስብበት ሰዓት በስንጥቅ የሚገባው ትልቅ ድርሻ ይይዛልና። ኮፈኑን ከፍቼ ጆሮዬን ሳስጠጋ ከአየር ማስገቢያው ጀርባ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። የትንሽ ጣት ውፍረት ያላት የጎማ ቱቦ መታጠፊያዋ ላይ ተሰንጥቃለች። ቱቦዋ ተቀየረች፣ ቁጥሩ ወደ 2 ተመለሰ። ሴንሰሩ እስከ ዛሬ ያው የድሮው ነው።

ሌላው የምወድላት ነገር፣ ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበረውን ፍጥነት፣ ዙርና የሞተር ሙቀት ማሳየቷ ነው። ፒ0302፣ ማለትም የሁለተኛው ሲሊንደር በአግባቡ አለመቀጣጠል፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ነው የመጣው ወይስ ዳገት ላይ? ይህን መናገር የቻለ ደንበኛ ካንዴላውንም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ኮይልም በግምት አያስቀይርም።

ጉድለትም አላት። ርካሾቹ የኤቢኤስን (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለውን ሥርዓት) እና የኤርባግን ኮዶች በአብዛኛው አያነቡም። ሶኬቱ መኪናው ጠፍቶም ከባትሪ ኤሌክትሪክ ስለሚያገኝ፣ መኪናው ለብዙ ቀን የሚቆም ከሆነ መንቀል ያስፈልጋል።

ደግሞ እባካችሁ፣ እርሷን የማይጠብቁ መብራቶች አሉ። ሞተር እየሠራ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ስልክ አታውጡ፤ ዳር ይዛችሁ ወዲያውኑ አጥፉት። ያለ ዘይት ግፊት የሚሠራ ሞተር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊነክስ፣ ማለትም ተጣብቆ ሊቆም ይችላል። ቼክ ኢንጂኑ ብልጭ ድርግም ካለም ጋዙን ቀንሱና በተቻለ ፍጥነት ቁሙ፤ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ጭስ ማውጫው እየገባ የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ውድ ካታሊስት ያቃጥላል።

በመተግበሪያው ላይ ያለውን የመሰረዣ ቁልፍ ግን ከልቤ አልወደውም። በጣም ቀላል፣ በጣም ቅርብ ነው። ሲነካ ኮዱ ብቻ ሳይሆን የቅጽበቱ መረጃ ሁሉ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩም የራሱን ፍተሻዎች ከመጀመሪያው ይጀምራል። ያገለገለ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ይህችን መሣሪያ መያዝ የሚጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው። ምንም ኮድ ሳይኖር አብዛኞቹ ፍተሻዎች «አልተጠናቀቀም» ካሉ፣ ወይ ባትሪው በቅርቡ ተነቅሏል፣ ወይ አንድ ሰው ኮዱን ሰርዞታል። ሻጩን የትኛው እንደሆነ ጠይቁት፤ ፍተሻዎቹ እስኪጠናቀቁም ገንዘብ አትክፈሉ።