ከሐዋሳ አዲስ አበባ፦ ዶልፊን፣ ኮስተር ወይስ ትልቅ አውቶብስ?

መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ታሪፉን ብቻ ሳይሆን ወንበሩንም አይቶ መሳፈር ይሻላል።

ዶልፊን ይፈጥናል፣ ውስጡ ግን ይጨንቃል። ሰው የሚሻማበት ጋቢና ሞተሩ ከሥሩ ስለሆነ ሞጆ ሳይደረስ መቀመጫው ይግላል። በር አጠገብ ያለው ተጣጣፊ ወንበር ደግሞ ሰው በወረደ ቁጥር ያስነሳል።

ኮስተር በአንድ በኩል ሁለት፣ በሌላው አንድ ወንበር አለው፤ መተላለፊያው ላይ ተጣጣፊ ይዘረጋል። ሁሉም ሲዘረጋ መተላለፊያ የሚባል ነገር የለም፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሻሸመኔ ለመውረድ ግማሹን መኪና ያስነሳል። ምርጡ ነጠላው ወንበር ነው፣ ከኋላ ጎማ በላይ ካልሆነ። እዚያ ወለሉ ላይ ያበጠው የጎማ ሽፋን ጉልበትን ወደ አገጭ ይገፋል፤ አጭር ሰው እንኳ ዝዋይ ላይ እግሩ ይደነዝዛል።

ሁለት በሁለት የሆነው ትልቅ አውቶብስ ለእግርም ለሻንጣም ይመቻል፤ ሻንጣው ከወለሉ ሥር ይገባል። የመጨረሻውን ረድፍ ግን ይተዉት፦ ግድግዳው ወንበሩን ወደ ኋላ አያስተኛም፣ ከኋላ ጎማ ወዲያ ስለሆነም ጉድጓዱን ሁሉ ይቆጥራል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ይመረጣል። ጠዋት ከሆነ በሹፌሩ በኩል ይቀመጡ፤ ፀሐዩ በቀኝ ነው የሚገባው፣ መጋረጃው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተቀዷል።