አዲስ አበባ ዳር ለሚተከል የዩኒቨርሲቲ ቴሌስኮፕ፦ ባለ 20 ኢንች፣ ባለ 24፣ ሲዲኬ 700 ወይስ ባለ 1 ሜትር?

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ ወይ ሆለታ አካባቢ ግቢ ያለው የፊዚክስ ትምህርት ክፍል "የራሳችን ቴሌስኮፕ ይኑረን" ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "መስታወቱ ስንት ኢንች ነው?" የሚል ነው። እኔ ግን ከመስታወቱ በፊት የሚሸከመውን ማውንት ጠይቁ ባይ ነኝ። እኛ ያለንበት ቦታ ነው እንዲህ የሚያሰኘኝ።

የማወዳድረው የአንድ አምራች ሥራዎችን ነው፤ የፕሌንዌቭን። እ.ኤ.አ. በ2006 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረ፣ አሁን ሚሺጋን ያለ የአሜሪካ ድርጅት ነው። ሲዲኬ የሚላቸው ቴሌስኮፖቹ በመጠን ይለያዩ እንጂ ንድፋቸው አንድ ነው። ዋናው መስታወት ኤሊፕሶይድ (እንደ እንቁላል የረዘመ ጎድጓዳ)፣ ሁለተኛው መስታወት ሉላዊ፣ ከካሜራው በፊት ደግሞ የምስሉን ጠርዝ የሚያስተካክሉ ሌንሶች። ሁለተኛው መስታወት ሉላዊ መሆኑን እንደ ቀላል አትዩት። ሪቼ-ክሬቲየን በሚባለው ንድፍ ይሄ መስታወት ትንሽ ከመሃል ፈቀቅ ሲል ምስሉ ይበላሻል። እዚህ ግን ይቅር ባይ ስለሆነ ግቢ ውስጥ ያለ ጎበዝ ቴክኒሻን ራሱ ያስተካክለዋል፣ ከውጭ ባለሙያ ማስመጣት አያስፈልግም።

ባለ 14 እና ባለ 17 ኢንቾቹ ለማስተማር ግሩም ናቸው። ባለ 14ቱ 22 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሁለት ሰው አንስቶ ይሰቅለዋል። በጀታችሁ እዚያ ላይ ከቆመ ግዙት፣ አትቆጩም። ክርክሩ የሚጀምረው ከ20 ኢንች በላይ ነው።

ባለ 20 ኢንቹ 508 ሚሊሜትር መስታወት ይዞ የትኩረት ርቀቱ (ብርሃኑ ተሰብስቦ ምስል እስኪሠራ ያለው ርቀት) 3454 ሚሊሜትር ነው። ባለ 24ቱ 610 ሚሊሜትር ነው፣ የትኩረት ርቀቱ 3962። ሲዲኬ 700 ስሙ እንደሚለው 700 ሚሊሜትር ሆኖ 4540፣ ባለ 1 ሜትሩ ደግሞ 6000። አሁን የሚሰበስቡትን ብርሃን አስሉት። ከ20 ወደ 24 ስትወጡ 44 በመቶ ታተርፋላችሁ። ከ24 ወደ 700 ግን 32 በመቶ ብቻ ነው፣ ከ700 ወደ 1 ሜትር ሲኬድ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በ24ቱ እና በ700ው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ለመስታወት ብቻ የሚከፈል እንዳይመስላችሁ። 700ው ሙሉ ሥርዓት ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ፎርኩ (ቴሌስኮፑን ከሁለት ጎን የሚይዘው ሹካ መሰል ማውንት)፣ ሞተሩ፣ ግራና ቀኝ ሁለት የመሣሪያ መግጠሚያ ያለው። ለ20ው እና ለ24ቱ ማውንቱን ለብቻ ታዛላችሁ።

ወደ ማውንቱ እንምጣ። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ስለዚህ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ 9 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው የምትታየው፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫ ብትጨብጡ የጡጫችሁን ወርድ ያህል። ከፊት ለፊት አንድ ረድፍ ባህር ዛፍ ካለ አለቀ፣ አትታይም። ከእንጦጦ ሥር በከተማው ወገን ከሆናችሁ ደግሞ ተራራው ራሱ ይጋርዳታል። ኢኳቶሪያል ማውንት ዘንጉን ወደዚያች ኮከብ አቅጣጫ ማዞር አለበት፣ ይህ ማለት እኛ ጋ ከመተኛት ምንም አይቀረውም። የዘንጉ ማዘንበያ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ኬክሮስ ነው። 20ውን ወይ 24ቱን በኢኳቶሪያል የምትገዙ ከሆነ "9 ዲግሪ" የሚለው ቁጥር ፕሮፎርማው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ኮከቧ ሳትታይ በሶፍትዌር ሌሎች ኮከቦችን እየለኩ ማስተካከል ይቻላል፣ ማዘንበያው ልክ ካልሆነ ግን ምንም አይረዳችሁም።

700ው እና ባለ 1 ሜትሩ ይሄ ጣጣ የለባቸውም፤ ቀጥ ብለው ቆመው ወደ ላይና ወደ ጎን ነው የሚዞሩት። የራሳቸው ችግር ግን አላቸው። አንደኛ፣ ኮከብ ሲከተሉ ምስሉ ካሜራው ላይ ስለሚዞር ዲሮቴተር፣ ማለትም ካሜራውን አብሮ የሚያዞር መሣሪያ፣ ይፈልጋሉ፤ ዋጋው ውስጥ መካተቱን አረጋግጡ። ሁለተኛ፣ ልክ አናታችን ላይ የሚያልፍ ነገር መከተል አይችሉም፣ ማውንቱ በቅጽበት መገልበጥ ይኖርበታልና። እኛ ጋ ለምሳሌ አልታይር የተባለው ኮከብ አናት ላይ ነው የሚያልፈው። በዚያ ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ይጠፋባችኋል፣ ፕሮግራም ስታወጡ አስቡበት።

የእነዚህ የሁለቱ ሞተሮች ጥርስ የላቸውም፣ በቀጥታ ነው የሚያዞሩት። ጥርስ ስለሌለ የሚበላ ነገር የለም፣ መንገጫገጭ የለም፣ ፍጥነታቸውም ሳተላይት ለመከተል ይበቃል። ግን መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ነገር የለም፣ ቴሌስኮፑ በእጅ ሲገፋ ይዞራል። ሚዛኑ በደንብ ካልተጠበቀ በራሱ ይወዛወዛል። ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ከቴሌስኮፑ ጋር አብሮ ይገዛል። በኋላ እንጨምራለን የሚባል አይደለም።

ባለ 1 ሜትሩን በተመለከተ ሐሳቤ ግልጽ ነው፤ አዲስ አበባ ዳር አትትከሉት። እንጦጦ ላይ፣ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፣ የከተማው መብራት ደግሞ በየዓመቱ ወደ እነሱ እየተጠጋ ነው። ለትልቅ ቴሌስኮፕ ላሊበላ አካባቢ ያሉት ተራሮች ሲጠኑ የቆዩትም ጨለማ ሰማይ ስለሚፈለግ ነው። ደብዛዛ ጋላክሲ ለማደን ነው ትልቅ መስታወት የሚገዛው፤ ያንን ደግሞ የከተማ ብርሃን ይውጠዋል።

ለደማቅ ኮከቦች ግን ሰማያችን አሁንም ይበቃል። ኤችዲ 189733 የሚባለው ኮከብ ፕላኔቱ ከፊቱ ስታልፍ ብርሃኑ በ2.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ሁለት ሰዓት ላልሞላ ጊዜ። ይሄን ባለ 20 ኢንቹ በደንብ ይለካዋል፣ ተማሪም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ሌሊት ይሠራዋል። ስፔክትሮስኮፒ (የኮከብን ብርሃን በየቀለሙ ከፍሎ ማጥናት) ከፈለጋችሁ ግን 700ው ይሻላል፤ በአንዱ ጎን ካሜራ፣ በሌላው ብርሃኑን የሚከፍለውን ስፔክትሮግራፍ ገጥማችሁ ሳትፈቱ ሳትገጥሙ አንዲት መስታወት አዙራችሁ ትቀያይራላችሁ። አሪዞና፣ ማውንት ሆፕኪንስ ላይ ያለው ሚኔርቫ የተባለው ፕሮጀክት አንድ ትልቅ ከመግዛት አራት ሲዲኬ 700 ተክሎ ብርሃናቸውን በፋይበር ወደ አንድ ስፔክትሮግራፍ ነው የሚልከው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተባብረው አንድ አንድ እያሉ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ የማስተርስ ተማሪ በዓመት ጥቂት ከሆነና ዋናው ዓላማ ማስተማር ከሆነ፣ 20ውን ከጥሩ ማውንት ጋር ግዙ። ቋሚ ተመራማሪና የራሱ ቴክኒሻን ያለው ክፍል ግን 700ውን ይውሰድ። 24ቱን የምመክረው ዶሙና (የቴሌስኮፑ ቤት) ማውንቱ ቀድሞ ላለው ብቻ ነው፤ ሙሉ ፍሬም (36 በ24 ሚሊሜትር ዳሳሽ ያለው) ካሜራ ላይ ጨረቃ በቁመት ትቆረጥበታለች፣ ለፎቶሜትሪ፣ ማለትም የኮከብን ድምቀት ለመለካት፣ ለማነጻጸሪያ የሚያስፈልጉ ጎረቤት ኮከቦችም ያንሳሉ።

ኤልሲ (የባንክ የግዢ ዋስትና) ከመክፈታችሁ በፊት ደግሞ ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዶሙ ተዘግቶ ሲከርም ጤዛ የሚከላከለው የመስታወት ማሞቂያ ተካቷል ወይ? ከዓመታት በኋላ መስታወቱ የተለበጠበት አሉሚኒየም ሲደበዝዝስ መስታወቱ የት ተልኮ ይለበጣል፣ የማጓጓዣውንና የጉምሩኩን ማን ይከፍላል?