የዩኒየን መሪዎችን ሒሳብ የሚያሳየው ድረ ገጽ ለመንግሥት ሠራተኛ ምን ያህል ይጠቅማል?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል በከተማ አውቶቡስ፣ በሕዝብ ትምህርት ቤት፣ በካውንቲ ጽሕፈት ቤትና በፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚሠሩት ጥቂት አይደሉም። የዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) አባል የሆነው ሁሉ መዋጮ ይከፍላል፤ ገንዘቡ ምን ላይ እንደ ዋለ፣ የመረጣቸው መሪዎች ስንት እንደሚከፈላቸውና ከአሠሪው ጋር ያላቸው ቅርርብ እስከ ምን እንደሚደርስ የሚጠይቅ ግን አልበዛም። ለዚህ የሚረዳ፣ በነጻ የሚሰጥ አገልግሎት አለ። የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድረው «ዩኒየን ሪፖርትስ ዶት ጎቭ» የተባለው ድረ ገጽ ነው። እኔ መዋጮ ከፋይ የካውንቲ ሠራተኛ እንደ መሆኔ አገልግሎቱን የምመዝነው፣ የመንግሥት ሠራተኞች ዩኒየን መሪ ለአባላቱ ተጠያቂ፣ ከአሠሪው ደግሞ ነጻ መሆኑን ለማወቅ ምን ያህል ይረዳል በሚል ነው።

የአገልግሎቱ መሠረት በ1959 የወጣ ሕግ ነው (ከአንድ ቦታ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሴናተር ጆን ማክሌላን የተመራው የሴኔት ኮሚቴ በአንዳንድ ዩኒየኖች ውስጥ ይፈጸም የነበረውን ምዝበራ በአደባባይ ካጋለጠ በኋላ፣ ማኅበራቱ የገንዘብ ሪፖርታቸውን በየዓመቱ ለመንግሥት እንዲያቀርቡ፣ ሪፖርቱም ለማንኛውም ሰው ክፍት እንዲሆን ተደነገገ። የበጀት ዓመቱ ካለቀ በ90 ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ከ2000 ወዲህ የቀረቡትን ድረ ገጹ ላይ ማንበብ ይቻላል። መመዝገብም መክፈልም ሳያስፈልግ የማኅበሩን ምሕጻረ ስም፣ የቅርንጫፉን ቁጥርና ግዛቱን አስገብቶ መፈለግ ነው። ማኅበራቱ የሚታወቁት በምሕጻረ ስማቸው ስለ ሆነ፣ እሱን አስቀድሞ ከአባልነት ካርዱ ላይ ማየት ጊዜ ይቆጥባል።

የአገልግሎቱ ትልቁ ሀብት ከፍተኛ ገቢ ያላቸው ማኅበራት የሚሞሉት ኤልኤም-2 የተባለው ቅጽ ነው። ሠንጠረዥ 11 ላይ እያንዳንዱ ተመራጭ በስሙና በኃላፊነቱ ይሰፍራል፤ ያልተጣራ ደመወዙ፣ አበሉ፣ ለሥራ ጉዳይ የወጣለት ወጪና ሌላው ክፍያ በየዓምዱ ተለይቶ ይታያል። ከስሙ ሥር ደግሞ የሥራ ጊዜውን ስንት በመቶ አባላትን በመወከል፣ ስንት በመቶ በፖለቲካ ሥራና ሕግ አውጪዎችን በመወትወት፣ ስንት በመቶ በአስተዳደር እንዳሳለፈ ይገለጻል። እነዚህን መቶኛዎች ከደመወዙ ጋር አስተያይቶ ያነበበ አባል በስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ቅጹ ላይ ተራ ቁጥር 12 የውጭ ሒሳብ አዋቂ ወይም የበላዩ ማኅበር (ቅርንጫፉ የታቀፈበት ትልቁ ድርጅት) ኦዲተር መዝገቡን መርምሮ እንደ ሆነ፣ ተራ ቁጥር 13 በዓመቱ ውስጥ የገንዘብ ወይም የንብረት ጉድለት ተገኝቶ እንደ ሆነ፣ ተራ ቁጥር 19 ደግሞ የሚቀጥለው ምርጫ መቼ እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። ጊዜ የሌለው ሰው ሌላውን ትቶ እነዚህን ሦስቱን ብቻ ቢያነብ ብዙ ያተርፋል። ልብ ማለት የሚገባው ግን ለተራ ቁጥር 12 «አልተመረመረም» ብሎ መመለስ ሕግ መጣስ አለመሆኑን ነው። ሕጉ የውጭ ኦዲት አያስገድድም፤ ቁጥሮቹን የሚሞላውም ማኅበሩ ራሱ ሲሆን፣ ፕሬዚዳንቱና ገንዘብ ያዡ ፈርመው ኃላፊነቱን ይወስዳሉ።

እስከዚህ ድረስ አገልግሎቱን ማመስገን ተገቢ ነው። የምከፍልበትን ቅርንጫፍ ቁጥር ሳስገባ ግን ያገኘሁት ባዶ ገጽ ነበር። ምክንያቱም የ1959ኙ ሕግ «አሠሪ» ሲል የፌዴራሉን መንግሥት፣ ግዛቶችንና በሥራቸው ያሉትን ካውንቲዎችና ከተሞች አይጨምርም፤ ስለዚህ አባላቱ በሙሉ የግዛት ወይም የካውንቲ ሠራተኞች የሆኑበት ማኅበር ሪፖርት የማቅረብ ግዴታ የለበትም። የፌዴራል ሠራተኞች ማኅበራት በ1978 በወጣ ሌላ ሕግ ተመሳሳይ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። እንደ መምህራኑ ኤንኢኤና ኤኤፍቲ፣ እንደ ግዛትና ከተማ ሠራተኞቹ አፍስሚ ያሉት ታላላቅ አገር አቀፍ ድርጅቶችም በግል ድርጅት የሚሠሩ አባላት ስላሏቸው ሪፖርታቸው ይገኛል። መምህሩ በዋና ከተማ የተቀመጠውን የአገር አቀፉን ፕሬዚዳንት ደመወዝ በደቂቃ ውስጥ ሲያገኝ፣ የሥራ ውሉን የሚደራደርለትን የአካባቢውን መሪ ሒሳብ ግን ላያገኝ ይችላል። ይህ ክፍተት በእጅጉ ያሳስበኛል፤ የካውንቲ ወይም የከተማ ሠራተኞች መሪ ከጠረጴዛው ማዶ የሚገጥመው፣ ራሱ ቀስቅሶ እንዲመረጥ የረዳው ባለሥልጣን ሊሆን ስለሚችል፣ ቁጥጥሩ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

ቁጥጥር ሲላላ ምን እንደሚመጣ እዚሁ ዋሽንግተን ታይቷል። የከተማዋ መምህራን ዩኒየን ፕሬዚዳንት የነበሩት ባርባራ ቡሎክ ከሌሎች ጋር ሆነው ለዓመታት ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የአባላት ገንዘብ ለፀጉር ካባ፣ ለብር ዕቃና ለመሰለው ቅንጦት አውለዋል። ነገሩ የፈነዳው በ2002 ከመምህራኑ ደመወዝ ላይ ከተለመደው እጅግ የበለጠ መዋጮ ተቆርጦ አቤቱታ በበዛ ጊዜ ነው። የበላዩ ማኅበር ሊከታተለው ይገባው የነበረው ኦዲት ለዓመታት ሳይቀርብ መቆየቱም ያን ጊዜ ታወቀ። ቡሎክ በ2003 ጥፋታቸውን አምነው በ2004 የ9 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

ገንዘብ መስረቅ ግን በመጨረሻ በሒሳብ ይያዛል። ለእኔ ከዚህ የከበደው የኒውዮርኩ ዲስትሪክት ካውንስል 37 ታሪክ ነው። ከመቶ ሺህ የሚበልጡ የከተማዋን ሠራተኞች የሚወክለው ይህ ማኅበር፣ በከንቲባ ሩዶልፍ ጁሊያኒ ዘመን የአምስት ዓመት ውል ለአባላቱ አቀረበ፤ ውሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ምንም የደመወዝ ጭማሪ አልነበረውም። አባላቱ አጸደቁት ተብሎ ተነገረ። በ1998 ግን ድምፁ መጭበርበሩ ተጋለጠ፤ የማኅበሩ ዋና መሪ ስታንሊ ሂል፣ እርሳቸው በወንጀል ባይከሰሱም፣ ከኃላፊነታቸው ገለል አሉ፣ የበላዩ ማኅበር አፍስሚም አስተዳደሩን በእጁ አስገባ። እዚህ ላይ የተሰረቀው የሠራተኛው ድምፅ ነው፤ ተጠቃሚውም አሠሪው ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያሳይ ዓምድ በየትኛውም ቅጽ ላይ የለም። የፌዴራሉ ሕግ የቅርንጫፍ መሪዎች ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ በምስጢራዊ ድምፅ እንዲመረጡ ቢያዝም፣ የሥራ ውል በአባላት ድምፅ እንዲጸድቅ አያስገድድም፤ ያ የሚወሰነው በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው።

መሪውን ከአሠሪው ጋር የሚያስተሳስረው ሌላው ነገር የመዋጮው አሰባሰብ ነው። መዋጮው በአሠሪው የደመወዝ ክፍል በኩል ከተሰበሰበ፣ የማኅበሩ እስትንፋስ በአሠሪው እጅ ነው ማለት ነው። በመጋቢት 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በርካታ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ዩኒየን ሠራተኞችን ወክሎ እንዲደራደር ከሚፈቅደው የኅብረት ድርድር ሕግ የሚያስወጣ ትእዛዝ ከፈረሙ በኋላ መዋጮ መቁረጡ በብዙ ቦታ ቆመ፤ የፌዴራል ሠራተኞች ዩኒየን የሆነው ኤኤፍጂኢም አባላቱ ከራሳቸው ባንክ በቀጥታ እንዲከፍሉ መቀስቀስ ያዘ። አሠሪው መንግሥት ሲሆን የሠራተኛው የመደራጀት መብት በእጁ መውደቁ፣ ከአገር ቤት በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግለን ለመጣን ሰዎች እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው ለሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት ቢሰጥም፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የመንግሥት ሠራተኛውን አይሸፍንም።

በአጠቃላይ ለፌዴራል ሠራተኛና ለግል ድርጅት ሠራተኛ ይህ አገልግሎት ከአምስት አራት ኮከብ ይገባዋል፤ አንዱን የቀነስኩት የውጭ ኦዲት ስለማይጠየቅ ነው። ለካውንቲ፣ ለከተማና ለግዛት ሠራተኛ ግን ከሁለት በላይ ለመስጠት ኅሊናዬ አይፈቅድም።

የቅርንጫፉን ሪፖርት ያጣ አባል ወደ ግብር መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ይሂድ። ዩኒየኖች ከገቢ ግብር ነጻ የሆኑ ድርጅቶች ስለ ሆኑ ቅጽ 990 የተባለውን ዓመታዊ መግለጫ ያቀርባሉ፤ እዚያም የመሪዎቹ ክፍያ ይገኛል። በጣም አነስተኛ ገቢ ያላቸው ግን አጭር ማሳወቂያ ብቻ ስለሚልኩ ከእነርሱ የሚገኘው ጥቂት ነው። ከዚያ ቀጥሎ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ በጽሑፍ መጠየቅ፣ ውል የሚጸድቀው በማን ድምፅ እንደ ሆነ፣ ድምፁን ማን እንደሚቆጥርና ኦዲት በየስንት ጊዜው እንደሚደረግ የሚሉትን አንቀጾች ፈልጎ ማንበብ ያስፈልጋል። እኔ ስጠይቅ ገንዘብ ያዡ በመልካም ፈቃድ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ሰጥተውኛል፤ የጉዞ፣ የስብሰባና የጽሕፈት ቤት ወጪ ግን በአንድ መስመር ተደምሮ ስለ ነበር፣ ተዘርዝሮ እንዲቀርብ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ አስይዣለሁ።