«ቀን ይዘላል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ክሊኒክ

ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ። ንጋት 11 ሰዓት ተነሥቼ ፍርፍር ካልሠራሁ ቀኑ አይጀምርልኝም። ጥቅምት ላይ ግን የሽንኩርቱ ቁሌት ራሱ ያስመልሰኝ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይለኛል። በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ከዚያ እንደ ምጣድ እግላለሁ፣ ቀጥሎ አንሶላው እስኪርስ ያልበኛል። በማግስቱ ምንም የለም፤ ተነሥቼ እሠራለሁ። «ተመስገን፣ ለቀቀኝ» ባልኩ በማግስቱ ያው ብርድ ይመጣል።

ጎረቤቴ እትዬ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው በቡና አጠጡኝ። ቡናው ጥሩ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ክሊኒክ ስሙን አልጠራም። ፎቁ ያምራል፣ ቴሌቪዥኑ ግድግዳውን ሞልቶታል። ገና ወገቤን ሳላሳርፍ ደም ስጪ ተባልኩ። ትንሽ ቆይቶ ወረቀት መጣ፤ ዊዳል የሚሉት የታይፎይድ የደም ምርመራ 1 ለ 160 ይላል። «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» አሉኝ። ይቺን ያልተባለ የአገሬ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። መንታ ናቸው እኮ፣ አንዱ ያለ ሌላው መጥቶ አያውቅም! ለአንዱ መርፌ፣ ለሌላው ክኒን ታዞልኝ ከ2,000 ብር በላይ ከፍዬ ወጣሁ።

ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ታይፎይድ በምግብና በውሃ የሚተላለፍ በሽታ ነው። እኔ ደግሞ ምግብ ሻጭ ነኝ። ቤት ገብቼ የውሃ በርሜሉን በበረኪና ፈተግኩት። አብራኝ የምትሠራውን ልጅ «እጅሽን ሳትታጠቢ ነው የከተፍሽው» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ አለቀሰች። በአራተኛው ቀን፣ መርፌውን እየተወጋሁ፣ ያው ብርድ መጣ።

ሁለተኛው ክሊኒክ መናኸሪያው አካባቢ ነው። የእሱንም ስም ልተወው፣ ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ። ውጭው የተላጠ ቀለም፣ ውስጡ የእንጨት አግዳሚ ነው። ስም የምትጠራው ልጅ ድምፅ ጎዳና ላይ ድረስ ይሰማል። ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቄያለሁ፤ ለዚህ ነጥብ እቀንስባቸዋለሁ።

ስገባ ግን ሰውየው የደም ወረቀት ከመጻፉ በፊት ጠየቀኝ። «ዶክተር» ስለው «ጤና መኮንን ነኝ፣ እህቴ» አለኝ። ይሄ ራሱ ደስ አለኝ።

«ትኩሳቱ ቀን ይዘላል ወይስ በየቀኑ ነው?»

እስከዚያ ድረስ ማንም ይህን አልጠየቀኝም። «ይዘላል» አልኩት። «ከከተማ ወጥተሽ ነበር?» ለቅሶ ብዬ ቢላቴ በኩል ወርጄ፣ ያለ አጎበር ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ። ትኩሳቱ ሊጀምረኝ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። አልጋ ላይ አስተኝቶ ከግራ ጎድኔ ሥር ተጫነኝ። ጣፊያዬን መፈለጉ ነው፤ ወባ ጣፊያን ያሳብጣል አለኝ። እርጉዝ መሆኔንም ጠየቀ።

ላብራቶሪው ከኔ ማድቤት ይጠባል። ባለሙያው ጣቴን ወግቶ አንድ መስታወት ላይ ሁለት ቦታ ደም አስቀመጠ። አንዱን ወፍራም አድርጎ አከበበው፣ ሌላውን በስሱ ጎተተው። ወፍራሙ ወባ መኖሩን ለማግኘት፣ ስሱ ዓይነቱን ለመለየት ነው አለኝ። በሐምራዊ ቀለም ነክሮ ብዙ ደቂቃ አጎነበሰበት። ከዚያ «ነይ እይው» አለኝ። ዓይኔን አስጠጋሁ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ብቻ ነው ያየሁት። ቀጥሎ ክብ ክብ ነገር፣ አንዱ ውስጥ ቀለበት የመሰለች ነገር። ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ነበር፤ ለካ «ቀን ይዘላል ወይ» ያለኝ ለዚህ ኖሯል። እኛ አገር በብዛት ያሉት ሁለት ናቸው፤ እሱና ፋልሲፓረም። ቶሎ ሰው የሚገድለው በተለይ ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያውን ክሊኒክ ወረቀት ለጤና መኮንኑ አሳየሁት። «ዊዳል ጀርሙን አያይም፤ ሰውነትሽ ከጀርሙ ጋር የታገለበትን ምልክት ነው የሚያየው» አለኝ። ድሮ ታምሜ ከነበረም፣ ሌላ ትኩሳት ቢኖርብኝም ሊወጣ ይችላል። ታይፎይድን በደንብ ለማረጋገጥ ደም ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን ራሱን ከደም አሳድጎ ማየት፣ ይሻላል። ታይፈስ ደግሞ ያው የጥንቱ ተስቦ ነው፣ በቅማል የሚመጣው። ሳላስበው ጸጉሬን ነካሁ።

መድኃኒቱ ክሎሮኪን ነው፤ መጀመሪያ ቀን አራት፣ በማግስቱ አራት፣ በሦስተኛው ሁለት ፍሬ። ክኒኑ ሰራ፣ ግን ማሳከኩ! ሌሊቱን ሙሉ መዳፌንና እግሬን ስፍቅ አደርኩ። ሊያሳክክሽ ይችላል ብሎ ቢያስጠነቅቀኝ ምን ነበረበት? ቀጥሎ ለ14 ቀን ፕሪማኪን አለ። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ወራት ቆይቶ ያገረሻል፤ ፕሪማኪን የተደበቀውን ለመግደል ነው። ሽንቴ እንደ ኮካ ከጠቆረ አቁሜ እንድመጣ ደጋግሞ ነገረኝ። ክኒኑ አንዳንድ ሰው ላይ ደሙን ያፈርሳል። የነሱ ፋርማሲ ውስጥ ስላልነበረ ጤና ጣቢያ ላኩኝ፤ እዚያ የወባ መድኃኒት በነፃ ነው። ከመጀመሪያውም እዚያ ብሄድ ኖሮ እያልኩ ተመለስኩ።

ካርድና ላብራቶሪ 350 ብር ከፈልኩ። ልጅቷን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ «እጄን ታጥቤ ነበር እኮ» ብቻ አለችኝ።

አንድ ቅሬታ ይቀረኛል። ሽንት ቤታቸው በር ላይ «እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሳሙናም ውሃም የለም። ስወጣ ነገርኳቸው። መድኃኒቱን ጨርሼ ለቁጥጥር ስመለስ ሳሙናው መጥቷል፤ ውሃው ገና ነው።