ለፎቶሬክ እና ለቴስትዲስክ ሠሪ፦ እግዜር ይስጥልን

ይህን የምጽፈው በአካል የማላውቀውን ሰው ለማመስገንና ፍላሽ ወይም ሜሞሪ ካርድ ተበላሽቶባችሁ ለተጨነቃችሁ ሁሉ ለመጠቆም ነው። ሰውየው ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ግሬኒየር ነው። የጠፋ ፋይል ለመመለስ የሚረዱትን፣ ቴስትዲስክ እና ፎቶሬክ የተባሉትን ፕሮግራሞች ለዓመታት እያሻሻለ ለማንም በነጻ ሲሰጥ ኖሯል።

እናታችን ስለ ልጅነቷ ስትተርክ ድምፅዋን የቀዳንበት ሜሞሪ ካርድ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ፎርማት ካልተደረገ አልከፈትም አለ። ያሳየነው ባለሙያ "ባዶ ነው፤ ፎርማት አድርጋችሁ ተጠቀሙበት" ብሎ መለሰልን። ወንድሜ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ፎቶሬክን አውርዶ ሞከረ።

ፕሮግራሙ ለዓይን አይማርክም። ጥቁር መስኮት ላይ የተደረደረ ነጭ ጽሑፍ ነው፤ በማውዝ መሥራት ለሚመርጥ ኪውፎቶሬክ የሚባለው አብሮ ይመጣል። ሥራው ግን ድንቅ ነው። ካርድ ውስጥ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚያመለክት መዝገብ አለ። መዝገቡ ሲበላሽ ኮምፒውተሩ መንገዱ ይጠፋበታል እንጂ ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ በቦታው ነው። ስንሰርዝም ያው ነው፦ ፋት32 በተባለው የፋይል አመዘጋገብ የፋይሉ ስም የመጀመሪያ ባይት (ትንሽ የመረጃ ቁራጭ) በ229 ይተካና ቦታው ክፍት ነው ተብሎ ይመዘገባል፤ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይቆያል። ፎቶሬክ መዝገቡን ትቶ ካርዱን ከዳር እስከ ዳር እያነበበ የፋይል መነሻ ምልክቶችን ይፈልጋል። የጄፔግ ፎቶ ለምሳሌ 255 እና 216 በሚሉ ባይቶች ይጀምራል። ከሁሉ በላይ የወደድኩለት፣ በተጎዳው ካርድ ላይ አንዳች አለመጻፉ ነው።

የተገኙት ፋይሎች ስማቸው ጠፍቶ በቁጥር ብቻ ተሰይመው ነበር። ስለዚህ አንድ በአንድ እየከፈትን አዳመጥን። ከመካከላቸው አንዱ እናታችን ወሬ ከመጀመሯ በፊት እንደ ልማዷ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ይጀምራል። እህቴ ያንን ስትሰማ መቆም አቅቷት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጥቂት ቅጂዎች መሃል ላይ ተቆርጠዋል፤ ተበታትኖ የተቀመጠ ፋይል በዚህ መንገድ ሙሉ ሆኖ መውጣት ይቸግረዋል።

እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ካርዱን ወዲያውኑ አውጡት፤ ፎቶ አታንሱበት፣ ፎርማትም አታድርጉት። የሚገኘውን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ፎልደሩ ከነስሙ እንዲመለስ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ቴስትዲስክን ሞክሩ፤ የጠፋ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) የሚፈልገው እሱ ነው። ዲስኩ እያነበበ የሚደነቃቀፍ ከሆነ ግን ዲዲሬስኪው በተባለው፣ አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ በሠራው ነጻ ፕሮግራም አስቀድማችሁ ሙሉ ግልባጩን ውሰዱና ፍለጋውን በግልባጩ ላይ አድርጉ። ሃርድ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም ፍላሹን ኮምፒውተሩ ጭራሽ ካላወቀው ሶፍትዌር አይረዳም፤ ከፍቶ የሚሠራ ባለሙያ ያስፈልጋል። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ላይ ደግሞ የተሰረዘ ፋይል ብዙ ጊዜ ወዲያውኑ ስለሚጸዳ ተስፋው አነስተኛ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛን የታደገን አሠራር የጣላችሁትን ወይም የሸጣችሁትን ፍላሽ ላገኘ እንግዳም እኩል ይሠራል። ምስጢር ያለበትን ፍላሽ ቬራክሪፕት ወይም ቢትሎከር በተባሉት መቆለፊያ ፕሮግራሞች ቆልፉት፤ የይለፍ ቃሉን ግን አደራ፣ እሱ ከጠፋ ፎቶሬክም አይደርስላችሁም። የማይተካ ነገር ሁሉ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ።

ሁለቱም ፕሮግራሞች አንድ ላይ ታሽገው ከሠሪው ድረ ገጽ በነጻ ይወርዳሉ፤ በዊንዶውስ፣ በማክ እና በሊኑክስ ይሠራሉ። ከሌላ ቦታ አታውርዱ። ድረ ገጹ በፈቃደኝነት የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍም ይቀበላል፤ እኛ የአቅማችንን ልከናል፣ ፋይሉ የተመለሰለት ሁሉ እንዲሁ ቢያደርግ ደስ ይለኛል።