የክረምት ኬሚስትሪ ማጠናከሪያ በደብረ ብርሃን፦ መምህሩ ጎበዝ፣ ጥራዙ ደብዛዛ

ባጃጅ ነው የምነዳው። ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ስለምትገባ ጠባሴ አካባቢ የክረምት ኬሚስትሪ ማጠናከሪያ አስመዘገብኳት። የቤቱን ስም አልጠራም። በወር 600 ብር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። እስክትወጣ ብርዱን ሽሽት መስኮቱ ሥር ስለምቆም ግማሹን እኔም ተምሬዋለሁ።

መምህሩ ጎበዝ ነው። ድብልቅ በሙቀት እንዴት እንደሚለይ ሲያስረዳ በአረቄ ጀመረ። ለሰሜን ሸዋ ልጅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል? በባሕር ጠለል ላይ አልኮል በ78 ዲግሪ፣ ውሃ በ100 ነው የሚፈላው። ድፍድፉ ሲሞቅ አልኮሉ ይቀድማል፤ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ውሃም አብሮ ስለሚያመልጥ ደግመው ሲያወጡት ይበረታል። ዳግም የምንለው እሱን ነው። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ኬሚስትሪ ኖሯል!

አንዱ ልጅ "እኛ ጋ ባቄላ ለምንድነው ቶሎ የማይበስለው?" አለ። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። እሳት ብንጨምርበትም ከዚያ አይሞቅም። ለካ ባለቤቴን በከንቱ ነበር የምነዘንዛት።

አቶሙም፣ የኤሌክትሮን አደራደሩም ደህና ሄደዋል። ቅሬታዬ ጥራዙ ላይ ነው። 80 ብር ለብቻው ከፍዬበታለሁ፤ ፎቶ ኮፒው ደብዝዞ ትንንሾቹን ቁጥሮች በልቷቸዋል። አንድ ማታ ልጄ "አባዬ፣ ይሄ እኮ ባላንስ ነው፤ ምን አድርጉ ነው የሚለን?" አለችኝ። ባላንስ ማለት የግራና የቀኙን አቶም ቁጥር እኩል ማድረግ ነው፤ ጥያቄው ደግሞ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ውሃ ሲሆኑ ነው። የኤች ቱ ቱ የለችም፣ የኦ ቱም የለችም፣ ውሃው ኤች ኦ ሆኗል። ግራና ቀኙ እኩል! በማግስቱ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ነው የገባን፦ ሁለት የሃይድሮጂን ሞለኪውል ከአንድ የኦክስጅን ጋር ሁለት የውሃ ሞለኪውል ይሰጣል።

ሞልን፣ ማለትም እንደ ሞለኪውል ያሉ ጥቃቅን ነገሮች በጅምላ የሚቆጠሩበትን መለኪያ፣ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ሮጡበት። 18 ግራም ውሃ፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ትንሽ ከፍ የምትል፣ አንድ ሞል ናት። በውስጧ ያለው ሞለኪውል 602 ተጽፎ 21 ዜሮ የሚከተለው ቁጥር ነው። ይሄ በሁለት ቀን ይዋጣል? ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይገባው ነበር።

ለመምህሩ ስል ለሚቀጥለውም ዙር ከፍያለሁ። ልጄ አሁን በቀይ እስክሪብቶ ቱዎቹን ወደየቦታቸው እየመለሰች ነው፤ ገጽ 14 ደርሳለች።